እማማ መንገዱን ያውቁታል

ደብዳቤው የደረሰኝ ከአያት ሰፈር ነው። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ ቅዳሜ እስከ ቀትር ይሠራል፣ እሑድ ኳሱን ያያል። ልጆቹ ቅዳሜና እሑድ ሲባል የሚያውቁት ሞል ነው። በርገር፣ መጫወቻ ቦታ፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ስልክ። ባለፈው ወር ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ “ማሚ፣ ስድስት ኪሎ የት ነው?” አለችኝ። እዚሁ ከተማ ተወልዳ! በጣም ደነገጥኩ። በሳምንቱ ቅዳሜ ሁለቱንም ይዤ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከዚያ የስድስት ኪሎውን ሙዚየም፣ ከዚያ ፒያሳ የዓድዋ መታሰቢያን አሳየኋቸው። ሁሉንም በአንድ ቀን። ትንሹ መጨረሻ ላይ አለቀሰ። ትልቋ ከስልኳ ቀና አላለችም። ማታ ባለቤቴ “አጥንትና አሮጌ ዕቃ ለማየት ይሄ ሁሉ ብር?” ብሎ ተቆጣ። አማቴ ከእኛ ጋር ናቸው። 72 ዓመታቸው ነው፣ ልጆቹ እማማ ይሏቸዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እሳቸውን ቤት ትቶ መውጣቱም ከበደኝ፤ ያደጉት ሽሮ ሜዳ ስለሆነ ያንን ሰፈር እንኳ ያውቁታል። እትዬ፣ ልተወው ወይስ ልጆቹን አስገድጄ ልቀጥል? ከባለቤቴስ ጋር እንዴት ልስማማ?»

እህቴ፣ አትተዪው። ማስገደዱ ግን ይቅር።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያየሁት የደከማት እናት ነው። በሁለተኛው ግን አንዲት ቃል ቀልቤን ሳበችው። ስለ አማትሽ ስትጽፊ ጉልበታቸውን እንደ ችግር ቆጠርሽው። ሽሮ ሜዳን ደግሞ በጎን ጣል አድርገሽው አለፍሽ። መልሴን የምጀምረው ከዚያች ጣል ካደረግሻት ቃል ነው። መጀመሪያ ግን ያን ቅዳሜ እንየው።

ሦስት ሙዚየም በአንድ ቀን ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ሙዚየም ውስጥ መሄድ ከመንገድ ይልቅ ያደክማል። ሁለት እርምጃ ሄደሽ ትቆሚያለሽ፣ ታነቢያለሽ፣ እንደገና ሁለት እርምጃ። የሰባት ዓመት ልጅ እግሩ ይዝላል፣ ሆዱ ይርበዋል፣ ማልቀሱ ተገቢ ነው። ልጅሽ አልጠላውም፤ ደከመው እንጂ።

ይህን የምልሽ እኔም ስላደረግኩት ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ሙዚየም ስወስዳቸው ደብተር አስይዣቸው ነበር። እያዩ እንዲጽፉ፣ ቤት ስንመለስ እንድጠይቃቸው። የመጀመሪያ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ “እማ፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ?” አለኝ። ያን ጊዜ ተቆጣሁት። አሁን ትልቅ ሰው ነው። ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ስንወጣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የበላነውን ፓስቲ ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ የጻፈውን አንዱንም አያስታውስም።

ስለዚህ በአንድ መውጫ አንድ ቦታ፣ በአንድ ቦታ አንድ ነገር። ይቺን ብቻ ያዢልኝ። ያችን አንድ ነገር በደንብ አይተው፣ ገና ሳይሰለቻቸው ውጡ። “ትንሽ እንቆይ” ሲሉ መውጣት ይሻላል፣ “መቼ ነው የምንሄደው” ሲሉ ከመውጣት። የቀረው የትም አይሄድም። ቤታችሁ እዚሁ ነው፣ እንደ ቱሪስት ሦስት ቀን ብቻ የላችሁም።

ለምሳሌ ብሔራዊ ሙዚየምን እንውሰድ። ለትንሹ ሁሉንም ክፍል ማሳየት አያስፈልግም። ቀጥታ ወደ ድንቅነሽና ሰላም ወደምትባለው ሕፃን ቅሪተ አካል ውሰጂው። ድንቅነሽን ሁሉም ያውቃታል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር የተገኘች፣ ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት። ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም። ልጅሽን አጠገቧ አቁሚው፣ እሱ ሳይበልጣት አይቀርም። ሚሊዮን ዓመት ማለት ለሰባት ዓመት ልጅ ምንም ማለት አይደለም። “ትልቅ ሰው ሆና ካንተ ታንስ ነበር” ስትይው ግን ይገባዋል።

እኔ ግን ለእሱ ዕድሜ የምመርጠው ሰላምን ነው። ሰላም ስትሞት ገና የሦስት ዓመት አካባቢ ልጅ ነበረች። ያገኛት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ዲኪካ በሚባለው ቦታ። ዕድሜዋ ወደ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከድንቅነሽ በፊት የኖረች ናት ማለት ነው። አሁን የሚገርመውን ስሚ። ሳይንቲስቶች ስትሞት ስንት ዓመቷ እንደነበር ያወቁት ከጥርሷ ነው። የወተት ጥርሶቿ ወጥተዋል፣ ቋሚዎቹ ግን ገና መንጋጋዋ ውስጥ ተደብቀው ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ልጅሽ ሰባት ዓመቱ ነው አልሽ። የፊት ጥርሶቹ ሳይወልቁ አይቀሩም። “አፍህን ክፈት እስቲ፤ ያንተም አዲሱ ጥርስ እዚህ ውስጥ ሆኖ ተራውን ሲጠብቅ ነበር፣ እንደ እሷ” በይው። ከዚያ በኋላ ሙዚየም ማለት አጥንት ነው ብሎ አያስብም። እዚያ የምታዩት ቅጂ ከሆነም አትደብቂው። እውነተኛዋ ድንቅነሽ ተቆልፎባት በጥንቃቄ ነው የምትቀመጠው። ልጆች ሚስጥር ይወዳሉ፣ “እዚሁ ግቢ አንድ ቦታ ተቆልፎባታል” ሲባሉ ዓይናቸው ይበራል።

ግማሽ ሰዓት። ቢበዛ አርባ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ውጡና ሻይ ጠጡ።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ።

ልጅሽ “ስድስት ኪሎ የት ነው?” ብላ ስትጠይቅሽ፣ ያንን መንገድ በልጅነታቸው በእግራቸው የሚያውቁ ሰው ሌላው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ነበር። ሽሮ ሜዳ ያደገ ልጅ ወደ ከተማ ሲወርድ ስድስት ኪሎን ሳያልፍ የት ይሄዳል? እማማን እንደ ሸክም አትያቸው። መንገድ መሪያችሁ እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ቢያንስ የዚያን ቀን ራይድ ጥሪ። ሞል ውስጥ የምታወጡትን ብር እዚህ አውጪው።

ከስድስት ኪሎ አደባባይ ጀምሩ። መሐል ላይ የቆመው ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። እዚያ ዙሪያ ላይ የተቀረጸውን ምስል ቀስ ብላችሁ እዩት። ከዚያ ተሻግራችሁ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። ግቢው የዱሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድኆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ የሰበሰበው እዚሁ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩትም እዚሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ለትልቋ ልትነግሪያት ትችያለሽ፣ 13 ዓመቷ ነው፣ ትችለዋለች። ለትንሹ ግን “ብዙ ሰዎች የሞቱበት ቀን ነው፣ ሐውልቱ እነሱን እንዳንረሳ ነው” ብሎ ማቆም ይበቃል። ልጅ በጠየቀው ልክ ነው የሚመለስለት።

ሕንፃው ፊት ለፊት ወደ ላይ ወጥቶ የትም የማይደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያን ነው የሠራው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ ከወጣ ጀምሮ ያለውን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ነፃነት ሲመለስ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ትንሹ ደረጃውን ይቁጠር። ሥራው ይሄ ነው። ትልቋ ደግሞ ለምን አላፈረሱትም ብላ ትጠይቅሽ ይሆናል። አትመልሺላት፣ “አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?” በያት። እኔ እዚያ በሄድኩ ቁጥር ይሄን ጥያቄ ከራሴ ጋር እጫወተዋለሁ። ማፍረስ ቀላል ነበር። አንበሳ መጫን ግን የሚያስቅም የሚያኮራም ነገር ነው።

ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። እኔ ከከተማው ሁሉ የምወደው ይሄን ነው፣ አልደብቅሽም። ምክንያቱም ዕቃዎቹን ያስቀመጠው በብሔረሰብ ከፋፍሎ አይደለም፤ በሰው ዕድሜ ነው። ከልደት ይጀምራል፣ ልጅነት፣ ጨዋታ፣ ጋብቻ፣ ሥራ፣ እስከ ሞት። ትንሹን ልጅነት የሚለው ክፍል ጋ አቁሙት። እማማ ደግሞ “ይሄንን እኛም እንጫወተው ነበር” የሚሉት ነገር ካለ እዚያ ነው የሚሉት። የንጉሡ መኝታ ቤትም አለ፣ መታጠቢያ ገንዳቸው ሳይቀር። ልጆች ዙፋን ከማየት ንጉሥ የሚታጠብበትን ማየት ያስደስታቸዋል።

እማማ 72 ዓመታቸው ከሆነ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ትንሽ ልጅ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት የሞከረበት ጊዜ ነው። የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተገደሉት እዚሁ ገነተ ልዑል ውስጥ ነው። በዓመቱ ቤተ መንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሽሮ ሜዳ ከዚያ ሩቅ አይደለም። የተኩሱን ድምፅ ሰምተው ይሆን? እናታቸው አልጋ ሥር ደብቀዋቸው ይሆን? የስድስት ኪሎ አንበሶች ሲያገሱስ እሳቸው ቤት ድረስ ይሰማ ነበር? እኔ አላውቅም። አንቺም አታውቂም። ልጅሽ ትጠይቃቸው።

ስልኩን አትቀሚያት። ይሄ ከሁሉም በላይ አደራ የምልሽ ነው። ስልኩን ስትነጥቂያት ጦርነት ነው፣ ቅዳሜው እዚያው ያልቃል። ይልቅ ሥራ ስጫት። የእማማን ድምፅ የምትቀርጸው እሷ ትሁን። ቪዲዮ ወይ ድምፅ፣ እንደ ምርጫዋ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ካሜራ ማስተካከል፣ መቁረጥ፣ መቀጠል እኔና አንቺ ከምናስበው በላይ ይችላል። ሦስት ጥያቄ ራሷ ታዘጋጅ። ከጨነቃት እኔ ላበድራት፦ ቤታችሁ የት ጋ ነበር፣ ዛሬስ ቦታው ላይ ምን አለ? ውኃ ከየት ነበር የምትቀዱት? የዓውደ ዓመት ቀሚሳችሁን ማን ሸመነላችሁ? እማማ አማርኛቸው የዱሮ ከሆነና ቃሉ ካልገባት ደግሞ እሰየው። ጠይቃ ትማራለች። እንግሊዝኛ በበዛበት ትምህርት ቤት ለምትማር ልጅ ይሄ ከየትኛውም አስጠኚ ይሻላታል።

አባቴ ለገሀር ባቡር ጣቢያ ነበር የሚሠራው። በጣቢያው ፊት ካለው አንበሳ ሥር ስንት ጊዜ ቆሜ እሱን ጠብቄያለሁ። አንድ ቀን ልጄ “አያቴ የትኛው መስኮት ጋ ነበር የሚቀመጠው?” አለኝ። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈው ነበር። መስኮቶቹን አየኋቸው። የትኛው እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ሽሮ ሜዳን ለሌላ ቅዳሜ አቆዩት። እዚያ ሸማኔ አለ። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ነው። ልጆቹ ነጠላ ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ ነው የሚመስላቸው። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ሲያሳልፍ አንዴ ይዩት። ድርና ማግ የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ሲሰሙ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ግን እንደ ትርዒት ቆማችሁ አትዩት። ሰው ሥራ ላይ ነው። ሰላም በሉ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ትንሽም ብትሆን አንድ ነገር ግዙ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ትልቋ ራሷ ትጠይቅ። የልብሱን ጥራት የሚመረምሩት ደግሞ እማማ ይሁኑ። ጫፉን ዳበስ አድርገው የሚሉትን ስሚ።

ቀጥሎ እንጦጦ። እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ይበርዳል። ለእማማ ጋቢ ያዙላቸው። ደም ግፊት ካለባቸው ሐኪማቸውን ጠይቂ፣ መኪናው ደግሞ እስከ ላይ ያድርሳቸው። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ግን ልጆቹ ማየት ያለባቸው አጠገቧ ያለውን ቤተ መንግሥት ነው። ሄደው ሲያዩት ይገርማቸዋል። ግድግዳው ጭቃና እንጨት ነው። ልጅ ቤተ መንግሥት ሲባል የሚያስበው በካርቱን ያየውን ነው። የዓድዋው ንጉሥ እዚህ ይኖሩ ነበር ስትያቸው ጭቃውን ደግመው ያዩታል።

ከዚያ ቁልቁል ከተማዋን አሳያቸው። እቴጌ ጣይቱ ብርዱን ትተው ወደ ፍል ውኃው ወርደው ቤት ያሠሩትና ስሟንም አዲስ አበባ ያሏት በ1879 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ኮንዶሚኒየማችሁ ያለባት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከአንዲት ሴት ነው። ለሴት ልጅሽ ይሄን ንገሪያት። ዙሪያችሁ ያለው ባሕር ዛፍም ከጥንት የነበረ አይደለም። ከተማዋ ማገዶ አልቆባት ስለነበር በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ያንን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ካያችሁ ልጆቹ መንገድ ይልቀቁላቸው። ከእማማ የልጅነት ጓደኞች መሐል ያንን ሸክም የተሸከመ አይጠፋም።

አሁን ባለቤትሽ። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ እሑድ ኳሱን ማየቱ ነውር አይደለም። በየሳምንቱ ውጣ ካልሽው ትጣያላችሁ። በወር ሁለት ቅዳሜ ይበቃል፣ ያውም ከቀትር በኋላ ሊቀላቀላችሁ ይችላል። “አጥንትና አሮጌ ዕቃ” ያለውም ስላልተጋበዘበት ይመስለኛል። አንቺ ያቀድሽው፣ አንቺ የመራሽው ነገር ነው። እሱ የሚመራው አንድ ቀን ስጪው።

ኳስ ይወዳል አልሽኝ? እንግዲያው አዲስ አበባ ስታዲየም ይውሰዳቸው። ከውጭ ዞር ብለው ቢያዩትም ይበቃል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው እዚያ ነው፣ ጥር 1954 ዓ.ም.። ፍጻሜው ከግብፅ ጋር ነበር፣ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱ ወርቁ አግብቷል፣ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አግብቷል። ልጁ የእንግሊዝ ተጫዋቾችን ስም ከነማሊያ ቁጥራቸው እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። የመንግሥቱ ወርቁን ስም ግን ከአባቱ ይስማው። ይሄ ቅርስ አይደለም የሚል ካለ አልስማማም። በዚያ ቀን ከተማው ምን ይመስል እንደነበርም ቤታችሁ ውስጥ የሚጠየቅ ሰው አለ።

ስለ ብሩ ደግሞ። የሙዚየም መግቢያ ከአንድ በርገር ጋር ብታስተያዪው ባለቤትሽ የሚቆጣበት ነገር አይኖርም። ብሩ የሚያልቀው በምግብና በታክሲ ነው። ምግብ ከቤት ይዘሽ ውጪ። ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ውኃ። እማማ ጾም ላይ ከሆኑ ለእሳቸው ለይተሽ ያዢ፣ ልጆቹ ሲበሉ እሳቸው ዝም ብለው እንዳይቀመጡ። እማማ የሌሉበት ቀን ሲሆን ብሔራዊ ሙዚየም በሚኒባስ ሂዱ። ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ በእግር። ትልቋ ሒሳብ ትክፈል፣ ትንሹ “ወራጅ አለ!” ይበል። ይሄንን ሥራ ካገኘ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ ነው የሚቀሰቅስሽ። ሰዓቱንና ዋጋውን ከመውጣታችሁ በፊት በስልክ አረጋግጪ፣ ተዘግቶ ከበር መመለስ ልጅን ተስፋ ያስቆርጣል።

የዓድዋ መታሰቢያን ባለፈው በድካም ነው ያዩት። ይረፍ። የካቲት 23 ሲቃረብ ለብቻው ሂዱበት፣ መጀመሪያ ጊዮርጊስ ጋ ካለው የምኒልክ ሐውልት ሥር ቆማችሁ። የጃንሜዳን ጥምቀትና የመስቀልን ደመራ ደግሞ በዕለቱ እንጂ በሌላ ቀን ማየት አይቻልም፤ ለልጆቹ ሰው እንዳይበዛባቸው በጊዜ ወጥታችሁ ዳር ላይ ቁሙ።

ከከተማ ወጣ ማለት ስትፈልጉ የቡታጅራን መንገድ እመርጥልሻለሁ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር፣ መስኩ አረንጓዴ ሳለ። የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ቀድመሽ ጠይቂ። በመጀመሪያ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ። የጥንት ሰው ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የድንጋይ መሣሪያ ይሠራበት የነበረ ቦታ ነው። በ2016 ዓ.ም. ባልጩትን ጨምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ባልጩት የመንደሩ ስም ነው፣ የዚያ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ስለታም ድንጋይም ስም ነው። ልጅሽ ድንጋዩን ካየ በኋላ የመንደሩን ስም አይረሳም።

ከዚያ ራቅ ብሎ ጢያ። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ሰይፎቹን ነው። አንዱ ድንጋይ ላይ ስንት ሰይፍ እንዳለ ይቁጠሩ። በመንገድ ላይ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምም አለች፣ እማማ ደግሞ እሷን መሳለም ይፈልጉ ይሆናል። ሦስቱንም በአንድ ቀን ልትይ ነው። እንደዚያ ቅዳሜ እንዳይሆንብሽ። እማማ ካሉ አዳዲና ጢያ፣ ከሌሉ መልካ ቁንጡሬና ጢያ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ እንደሚወልቅ ለትንሹ አስቀድመሽ ንገሪው። ካልሲው የተቀደደ እንዳይሆን።

ይሄ ሁሉ ግን በኋላ ነው። በመጀመሪያ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ለእማማ “የሽሮ ሜዳው ቤታችሁ የት ጋ ነበር?” በያቸው። ልጅሽ አጠገባቸው ትሁን፣ ስልኳን ይዛ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ራይድ ጥሪ። ስድስት ኪሎ ብቻ ሂዱ። መኪናው ውስጥ እማማ መስኮት ጋ ይቀመጡ።